የሞተርሆም ጎማ ስንት ንፋስ ይያዝ? መልሱ ያለው ሚዛን ላይ ነው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተሽከርካሪ አምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ያገለገለ ክላስ ሲ ሞተርሆም (መኖሪያ ቤት የተሠራበት መኪና) ገዛን፤ በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የተሠራ ነው። ጎማው ላይ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ተጽፏል። የሾፌሩ በር ላይ ያለው ስቲከር ፊት 75፣ ኋላ 80 ይላል። ጎማ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ «65 ይበቃዎታል፣ ከዚያ በላይ ካደረጉት ወገብ ነው የሚሰብረው» አለኝ። በጁላይ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ዝግጅት ሰባት ሆነን ረጅም መንገድ ልንነዳ ነው። የማንን ልስማ?
*ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ*

መልስ፦ ሦስቱም ቁጥሮች መነሻ አላቸው፤ ችግሩ እያንዳንዳቸው ሌላ ጥያቄ የሚመልሱ መሆናቸው ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የእርስዎ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያስረው ኤልቲ 225/75 አር 16፣ ሎድ ሬንጅ (የመሸከም አቅም ደረጃው) ኢ የሚባለውን ጎማ ነው። በላዩ የተጻፈው፣ ጎማው በነጠላ ሲታሰር እስከ 2,680 ፓውንድ፣ በድርብ (ሁለት ጎማ ጎን ለጎን) ሲታሰር እስከ 2,470 ፓውንድ እንደሚሸከም፣ ለዚህም 80 ፒኤስአይ ንፋስ በቀዝቃዛው (ጎማው ሳይነዳ ሲለካ) እንደሚያስፈልገው ነው። ስለዚህ 80 ማለት የጎማው የመጨረሻ አቅም የሚጠይቀው ንፋስ ነው። መኪናዎ ያን ያህል ይመዝን አይመዝን ጎማው አያውቅም።

የበሩ ስቲከር ከዚያ ይሻላል፤ የወጣው አክስሎቹ እስከ ተፈቀደላቸው ጣሪያ ቢጫኑ ታስቦ ነው። እሱም ቢሆን እርስዎ የውኃ ታንኩን ሞልተው ይሂዱ ባዶ፣ ጓዳው ውስጥ ምን ያጭቁ፣ አያውቅም። የጎማ ቤቱ ልጅ 65 ግን ግምት ነው። ከታች እንደሚያዩት ፊት ላይ ከልኩ ብዙ አይርቅም፤ ኋላ ላይ ግን አደገኛ ነው።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ከክብደት ነው። ጎማ አምራቾች ለእያንዳንዱ የጎማ መጠን «በዚህ ንፋስ ይህን ያህል ይሸከማል» የሚል ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ለእርስዎ ጎማ ከሠንጠረዡ ሦስት ቦታዎችን እናንሳ፦ በ50 ፒኤስአይ ነጠላው 1,940፣ ድርቡ 1,765 ፓውንድ ይሸከማል፤ በ65 ነጠላው 2,335፣ ድርቡ 2,150፤ በ80 ነጠላው 2,680፣ ድርቡ 2,470። በድርብ የታሰረ ጎማ አቅሙ ዝቅ ያለው አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚጫንበት ጊዜ ስለማይጠፋ ነው፤ መንገድ መሐሉ ጎበጥ ካለ፣ ወይም የአንዱ ንፋስ ትንሽ ካነሰ፣ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

አሁን ወደ ሚዛን። የጭነት መኪናዎች የሚያድሩባቸው ትልልቅ ማደያዎች፣ ለምሳሌ ፓይለት፣ ላቭስ፣ ፔትሮ፣ ብዙዎቹ ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን አላቸው፤ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች ነው። ከመሄድዎ በፊት መኪናውን ለጉዞ እንደሚጭኑት አድርገው ይጫኑት፤ ነዳጅ ሙሉ፣ ፕሮፔን ሙሉ፣ የንጹሕ ውኃ ታንክ ሙሉ፣ ሰባታችሁም ውስጥ። ባዶ መኪና መመዘን ገንዘብ መጣል ነው። 40 ጋሎን ውኃ ብቻውን ወደ 334 ፓውንድ ይመዝናል፤ 55 ጋሎን ቤንዚን ከዚያ አያንስም። የፊት ጎማዎቹን በመጀመሪያው መድረክ፣ የኋላዎቹን በሁለተኛው ያሳርፉ፤ ከኋላ የሚጎትቱት መኪና ካለ በሦስተኛው ላይ ይቆማል። ከሾፌሩ መስኮት ወጣ ብሎ ያለውን ቁልፍ ተጭነው «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምመዝነው» ይበሉ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ወረቀቱን ይቀበሉ።

ወረቀቱ ፊት 4,300፣ ኋላ 9,100 ፓውንድ ቢል እንበል። ፊት ሁለት ጎማ ስለሆነ ለእያንዳንዱ 2,150 ይደርሰዋል። ነገር ግን መኪናው በግራና በቀኝ እኩል አይመዝንም፤ ወጥቤቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ ተንሸራቶ የሚወጣው ክፍል በአንድ ወገን ናቸው። ስለዚህ ከባዱ ጎን 2,250 ይሆናል ብለን እንያዝ። በሠንጠረዡ 65 ፒኤስአይ 2,335 ይሸከማል፤ አለፈ። በዚያ ላይ 5 ፒኤስአይ መጠባበቂያ ጨምረን 70 እናደርገዋለን። ኋላ አራት ጎማ አለ፤ 9,100 ለአራት ሲካፈል 2,275 ነው። በ65 ድርቡ የሚሸከመው 2,150 ብቻ ነው፤ አይበቃም። ከባዱን ጎን ስናስብ ደግሞ ከ80 ሌላ የሚያወላዳ ነገር የለም። ልጁ እንዳለው አራቱንም በ65 ይዘው ቢወጡ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ከ100 ፓውንድ በላይ ከአቅሙ አልፎ፣ በጁላይ አስፋልት ላይ፣ ለሰዓታት ይለፋ ነበር።

ይህ ምሳሌ የእኛ ነው፤ የእርስዎ ወረቀት ሌላ ይላል። የማይለወጡት ደንቦች እነዚህ ናቸው፦ በአንድ አክስል ላይ ያሉ ጎማዎች ሁሉ እኩል ንፋስ ይይዛሉ፤ ልኩን የሚወስነው ከባዱ ጎን ነው፤ ከጎማውም ሆነ ከቸርኬው ጣሪያ አይታለፍም። ወረቀቱን ሲያገኙ ደግሞ በሩ ላይ ካለው የአክስል ጣሪያ ጋር ያስተያዩት። ክብደቱ ከዚያ በልጦ ከተገኘ ንፋስ መጨመር አያድንም፤ ዕቃ መቀነስ ነው መፍትሔው።

ከጉዞው በፊት ሚዛን ላይ መድረስ ካልቻሉ በስቲከሩ ይሂዱ፤ 75 እና 80። ትንሽ ያንገጫግጭዎታል እንጂ አይጎዳዎትም።

ጥያቄ፦ ሚዛኑ የሰጠኝ የአክስል ክብደት ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ጎማ እንዴት አገኛለሁ?
*ከፖርትላንድ፣ ኦሪገን*

መልስ፦ እርስዎ ያሉበት ግዛት ለዚህ የተመቸ ነው። ኦሪገን ውስጥ በየአውራ ጎዳናው ያሉት የጭነት መኪና መመዘኛ ጣቢያዎች ሠራተኛ በሌለበት ሰዓትም የክብደት ንባቡ እንደበራ ይተዋል። ጣቢያው «ዝግ» ሲል ገብተው መጀመሪያ የፊት አክስሉን ሙሉ ይመዝኑ፤ ቀጥለው መኪናውን ወደ ጎን አድርገው የቀኝ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ ያሳርፉ። ከጠቅላላው ላይ የቀኙን ሲቀንሱ የግራው ይቀራል። በኋላው አክስልም እንዲሁ። መሬቱ ሁለቱም ወገን እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መኪናው ካዘነበለ ቁጥሩ ይዋሻል። ኋላ ላይ የአንዱን ወገን ክብደት ለሁለት አካፍለው በሠንጠረዡ የድርብ ረድፍ ይፈልጉት።

በሁለቱ ጎኖች መካከል ብዙ መቶ ፓውንድ ልዩነት ካዩ ዕቃ ያዛውሩ። የታሸገ ውኃ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ የባርቤኪው ከሰል በአንድ ወገን መደርደሪያ ተከማችቶ ማግኘት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ የኋላ ድርብ ጎማዎች ውስጠኛው ቫልቭ እጄን አያስገባልኝም። የቀድሞው ባለቤት በሚታጠፍ የቫልቭ ማራዘሚያ አውጥቶታል፤ ግን በየሳምንቱ ንፋስ ይቀንሳል። አንዳንዶች በዱላ መታ መታ አድርገህ በድምፁ ለየው ይላሉ።
*ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ ዱላው የሚለየው ሙሉ በሙሉ የወደቀ ጎማ ነው። 80 እና 60 ፒኤስአይ በያዙ ጎማዎች መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት ጆሮ አይለይም፤ 60 የያዘው ደግሞ የሚሞተው ጎማ ነው። ድርብ ጎማ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ነጠላ ጎማ ንፋሱ ሲጎድል መኪናው ያዘነብላል፣ መሪው ይጎትታል፤ ሾፌር ይነቃል። ከድርቡ አንዱ ሲጎድል ግን ጎረቤቱ ይሸከምለታል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጎደለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈና እየተቃና ይግላል፣ ጎረቤቱም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይግላል፤ በመጨረሻም አንዱ ሲፈነዳ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። በድርቡ መካከል ያለው የንፋስ ልዩነት ከ5 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚታጠፈው ማራዘሚያ ይነቀል። የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ ጫፉ ስላልታሰረ ጎማው በዞረ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ሥሩ ላይ ያለው ማኅተምም ይላላል፤ ሁለተኛ፣ ማራዘሚያው የቫልቩን ውስጠኛ መርፌ ዘወትር ተጭኖ ስለሚይዘው ንፋሱን የሚይዘው የማራዘሚያው ደካማ ጫፍ ብቻ ይሆናል። በምትኩ ጎማ ቤት ወስደው ለድርብ ጎማ ተብሎ የተሠራ፣ የታጠፈ፣ ወጥ የብረት ቫልቭ ያስገቡ። ጎማው ከቸርኬው መውለቅ ስላለበት አዲስ ጎማ የሚቀይሩበት ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የሚያፈስ ከሆነ ያን ቀን አይጠብቁ።

የላስቲክ ቫልቭ ታስሮ ካገኙም ይመርምሩት። ለአውቶሞቢል የሚሠራው ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው እስከ 65 ፒኤስአይ ነው፤ 80 በሚይዝ ቸርኬ ላይ ቦታ የለውም። ለመለኪያ ደግሞ ጫፉ ባለ ሁለት አፍ የሆነ፣ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ የሚያይ፣ እስከ 160 ፒኤስአይ የሚያነብ የጭነት መኪና ጌጅ ይግዙ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሌላ ጥሩ ጌጅ ጋር ያስተያዩት። 5 ፒኤስአይ የሚሳሳት ጌጅ የያዘ ሰው ከላይ ያልነውን ሒሳብ ሁሉ በከንቱ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ በየቫልቩ ላይ የንፋስ ሴንሰር አስገብቻለሁ። ጠዋት 80 አድርጌ እወጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ 94 ይላል፣ ይጮኻል። ጎማው ላይ ያለው ጣሪያ 80 ነው። ቆሜ ላስተነፍስ?
*ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ*

መልስ፦ አያስተንፍሱ። በጎማው ላይ የተጻፈው 80 የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ ቀዝቃዛ የሚባለውም ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከ1 ማይል በላይ ያልተነዳ ነው። ሲነዳ መጋሉ፣ ከዚያም መጨመሩ በጎማው አሠራር ውስጥ የታሰበበት ነው። ከ10 እስከ 20 በመቶ ጭማሪ በበጋ አውራ ጎዳና ላይ የሚጠበቅ ነው፤ የእርስዎ 14 ፒኤስአይ 17 በመቶ ተኩል ያህል ነው።

ቢያስተነፍሱ ምን ይሆናል? ከ94 ወደ 80 ያወርዱታል። ጎማው አድሮ ሲበርድ ግን ንፋሱም አብሮ ይሰበሰባል፤ በማግስቱ ጠዋት ጌጁ የሚያሳየው 68 አካባቢ ነው። በ68 ደግሞ ጎኑ የበለጠ ይታጠፋል፣ የበለጠ ይግላል፣ ከሰዓት በኋላ ሴንሰሩ እንደገና ይጮኻል። ያኔም ቢያስተነፍሱ አዙሪቱ የት እንደሚያደርስ መገመት አያስቸግርም። ሙቀቱን ያመጣው የንፋስ ማነስ ሆኖ ሳለ ንፋስ መቀነስ፣ እሳት ላይ ላምባ ማርከፍከፍ ነው።

የሚስተካከለው ሴንሰሩ ነው። ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ከቀዝቃዛው ልክ በላይ 25 በመቶ፣ ማለትም 100 ላይ ያድርጉት። ዝቅተኛውን ግን ያጥብቁት፤ ሠንጠረዡ ለክብደትዎ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ንፋስ ላይ ወይም ከእሱ ዝቅ ሳይል ይሁን። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ማነጻጸር ነው። ስድስቱ ጎማዎች አብረው 92፣ 94፣ 93 ቢሉ ሰላም ነው። አምስቱ 93 ሆነው አንዱ 84 ቢል፣ ወይም የአንዱ ሙቀት ከጓደኞቹ በጣም ከበለጠ፣ ጩኸት ባይሰማም ጥግ ይያዙ። በፀሐይ በኩል ያሉት ጎማዎች ከጥላዎቹ ጥቂት ፒኤስአይ ማለፋቸው ግን አያስደንግጥዎ። የጠዋቱ ልክ ፀሐይ ሳይወጣ የሚወሰደውም ለዚሁ ነው።

የሙቀት ነገር ከተነሣ አይቀር፦ 80 በያዘ ጎማ ላይ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በተለወጠ ቁጥር ንባቡ 1.8 ፒኤስአይ ያህል ይለወጣል። ብዙዎች «በ10 ዲግሪ 1 ፒኤስአይ» የሚሉት ለትንንሽ መኪና ጎማ የሚሠራ ነው፤ ለሞተርሆም ይጎድላል። በሴፕቴምበር በሞቃት ቀን ሞልተው በኖቬምበር ከዚያ ቀን በ40 ዲግሪ ፋራናይት በቀዘቀዘ ጠዋት ቢወጡ 7 ፒኤስአይ ጎድሎ ነው የሚያገኙት፤ ማንም ሳያስተነፍሰው።

ጥያቄ፦ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ካምፐር አለን። ጎማው 225/75 አር 16 ሲፒ ነው፤ መመሪያው ኋላ 5.5 ባር ይላል። በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ሳህኑ ሁሉ ይንጫጫል። ጓደኛዬ 4 ባር አድርገው አለኝ።
*ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን*

መልስ፦ ኋላውን አይንኩት። ሲፒ የሚለው ምልክት ለካምፐር ተብሎ የተሠራ ጎማ ነው ማለት ነው። ዕቃ ማመላለሻ ቫን ጠዋት ተጭኖ ማታ ባዶውን ይመለሳል፤ ካምፐር ግን አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ታንኩ ክረምት ከበጋ በላዩ ነው፤ ቆሞም ይሸከማል። በዚያ ላይ የመኪናው ጅራት ከኋላው አክስል አልፎ ብዙ ስለሚወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። በነጠላ የታሰረ የሲፒ ጎማ በኋላ አክስል ላይ 5.5 ባር፣ ማለትም 80 ፒኤስአይ፣ እንዲይዝ የተደረገው ይህ ሁሉ ታስቦ ነው።

ምቾት የሚፈለግ ከሆነ ፊት ላይ ይፈለግ። የፊት አክስሉን አስመዝነው ክብደቱን ከጎማው ሙሉ ስያሜ ጋር ለጎማው አምራች ቢጽፉለት በዚያ ክብደት የሚበቃውን ንፋስ ይነግሩዎታል፤ ከ5.5 ዝቅ ያለ ቁጥር መሆኑ ብዙ ጊዜ አይቀርም። ለሚዛን ቱፍ ወይም ዴክራ የሚባሉትን የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያዎች ይጠይቁ፤ የከተማው ቆሻሻ መቀበያ ጣቢያም የጭነት መኪና ሚዛን አለው። እግረ መንገድዎን ጠቅላላው ክብደት ከ3,500 ኪሎ ማለፍ አለማለፉን ያያሉ፤ ቢ መንጃ ፈቃድ ለያዘ ሰው ይህ ከንፋሱ ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ያረጋግጡ። የላስቲክ ቫልቭ እስከ 4.5 ባር ነው የሚታመነው፤ 5.5 የሚይዝ ጎማ የብረት ቫልቭ ይፈልጋል። ብዙ ማደያዎች ያላቸው የንፋስ መሙያም 5.5 ባር አይደርስም፤ ሲያቆም ሞልቷል ብለው እንዳይሸወዱ። የጭነት መኪና የሚሞላበትን ማደያ ይምረጡ፣ ወይም የራስዎን ኮምፕረሰር ይያዙ። ለሳህኑ ፎጣ ጣል ቢያደርጉበት ይበቃል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚዎች ነን። የጣሪያ ድንኳን የጫነ ላንድክሩዘር ይዘን ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚሌ አድርገን ወደ ደናክል እንወርዳለን። ሞተርሆም ባይሆንም የምናድርበት እሱው ላይ ነው። አንዳንዱ ሾፌር «ቆላው ስለሚያሞቀው ከአዲስ አበባ ቀንሰህ ውጣ» ይላል፤ ሌላው «ዝቅታው ስለሚቀንሰው ጨምረህ ውጣ» ይላል።
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ የሚገርመው ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው፤ ስለዚህም ይጣፋሉ። ጌጅ የሚለካው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የውጩ አየር ስስ ነው፤ 11 ፒኤስአይ ያህል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የውጩ አየር ወደ 15 ይጠጋል። በዝቅታው ብቻ ጌጁ 3.8 ያህል ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ጠዋት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የደናክል ጠዋት 30 ቢሆን ደግሞ ሙቀቱ 3.3 ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ በጠዋት 36 ያደረጋችሁት ጎማ ደናክል በጠዋት ሲለካ 35 ተኩል አካባቢ ይሆናል። ለተጫነው ክብደት የሚገባውን ሞልታችሁ ውጡ፤ መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም።

ድንኳኑን፣ ጀሪካኑንና ትርፍ ነዳጁን ግን አትርሱ። የመኪናው ስቲከር ለሙሉ ጭነት የሚለውን የኋላ ንፋስ ተጠቀሙ፤ ስኮርታውንም በዚያው ልክ ሙሉት። አሸዋ ላይ ሲደርሱ ወደ 20 ፒኤስአይ ማውረድ ያለና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ጎማው ይረዝማል፣ ይንሳፈፋል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቀስ ብሎ መንዳትና ከአሸዋው ሲወጡ ወዲያው መልሶ መሙላት። ስለዚህ ኮምፕረሰር ሳይያዝ አይወረድም፤ ጎሚስታ በሌለበት ምድረ በዳ ያስተነፈሰ ሰው አስፋልት ላይ ጎማውን ይበላል። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው ቀልጦ የጠጠረ ድንጋይ መንገድ ላይ ደግሞ ብዙ ማውረድ አይሆንም፤ ጎኑ ወጣ ብሎ ስለሚያብጥ የድንጋዩ ስለት ያገኘዋል። ጎማችሁ በካላማዳሪያ የሚሠራ ከሆነ ፈጽሞ አታውርዱት፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ካላማዳሪያውን ይዞት ይዞራል፣ ቫልቩም ከሥሩ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅን ማስሞላት ዋጋ አለው?
*ከአትላንታ፣ ጆርጂያ*

መልስ፦ በነጻ ከሰጡዎት ይቀበሉ። ተራው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሲሞቅም ሁለቱ የሚጨምሩት እኩል ነው። ልዩነት የሚያመጣው እርጥበት ነው፤ የኮምፕረሰርዎን ታንክ ውኃ በየጊዜው ማፍሰስ አብዛኛውን ጥቅም ያስገኝልዎታል።

ጥያቄ፦ የሞተርሆማችን ጎማ ጥርሱ ገና አዲስ ነው፤ ሻጩም ይህንኑ ደጋግሞ ነገረን። የተመረተበት ግን 3217 ይላል።
*ከሲያትል፣ ዋሽንግተን*

መልስ፦ በትክክል አንብበውታል፤ በ2017 በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አራቱ ቁጥሮች በአንድ ወገን ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ ውጭ ካላገኟቸው መኪናው ሥር ገብተው ይፈልጉ፤ ስድስቱም ጎማ የአንድ ዘመን ላይሆን ይችላል።

የሞተርሆም ጎማ የሚሞተው በጥርስ ማለቅ አይደለም፣ በእርጅና ነው። ጎማው ውስጥ ከስንጥቅ የሚከላከል ቅመም አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲንቀሳቀስና ሲታጠፍ ነው። በዓመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚነዳ ጎማ ደግሞ ቀሪውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል። ሚሽሊን ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ በ10 ዓመቱ ደግሞ ምንም ቢመስል እንዲለወጥ ይመክራል። 10 ጣሪያው ነው እንጂ ዒላማው አይደለም። እኛ የምንለው፣ በግብይቱ ላይ የስድስት ጎማ ዋጋ ተቀናሽ ይጠይቁ፤ መጀመሪያ የሚለወጡት የፊቶቹ ናቸው፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪውን ይዞ ነው የሚሄድ። ሲለውጡ «ሎድ ሬንጅ ዲ በርካሽ አለ» ቢሏችሁ አይቀበሉ፤ መጠኑ አንድ ቢሆንም ጣሪያው 65 ፒኤስአይ ነው።

መኪናው ለክረምት ሲቆም ጎማው ላይ እስከተጻፈው ልክ ድረስ ሞልተው፣ ሸፍነው ያቁሙት፤ በፀደይ ወደ ጉዞው ልክ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ክላስ ኤ (የአውቶቡስ ቅርጽ ያለው ትልቅ ሞተርሆም) ዲዝል አለን፤ ጎማው 22.5 ቸርኬ ነው፣ ልኩ 100 ፒኤስአይ። ከክረምት ስናወጣው አንዱ 60 ሆኖ አገኘነው። ሞልተን እንውጣ?
*ከዳላስ፣ ቴክሳስ*

መልስ፦ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ በዚያ ንፋስ ተነድቷል ወይስ አልተነዳም የሚለው ነው። በያዝነው ልክ 80 በመቶና ከዚያ በታች፣ ለእናንተ ጎማ 80 ፒኤስአይ፣ ሆኖ የተነዳ ጎማ በባዶ እንደተነዳ ይቆጠራል። የዚህ ጎማ ጎን በብረት ሽቦ የተሠራ ነው። ንፋስ ጎድሎ ሲነዳ ሽቦው እየታጠፈ ይደክማል፣ አንድ በአንድ ይበጠሳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ከዚያ ሲሞላ የቀሩት ሽቦዎች በተርታ እንደ ዚፕ ይተረተሩና ጎኑ ይፈነዳል። ሰው የሚገድለው በዚያች ቅጽበት አጠገቡ መቆም ነው። ስለዚህ ጥቂት ማይልም ቢሆን ከተነዳ አትሙሉት፤ የጭነት መኪና ጎማ ቤት ጠርታችሁ ይፈታ፣ ውስጡ ይታይ፣ የሚሞላም ከሆነ በብረት ማቀፊያ ውስጥ ይሞላ።

ቆሞ ብቻ ከጎደለ ሌላ ነው። ቫልቩ ላይና ጎማው ከቸርኬው በሚገናኝበት ዙሪያ የሳሙና ውኃ ቀብታችሁ የሚያፈስበትን ፈልጉ። ስትሞሉ በራሱ የሚነክስ አፍና ረጅም ቱቦ ተጠቀሙ፤ የምትቆሙት ከጎማው ጎን ትይዩ ሳይሆን ከጥርሱ በኩል፣ ራቅ ብላችሁ ይሁን። መንጣጣት ከሰማችሁ ወይም ጎኑ ላይ እብጠት ካያችሁ የኮምፕረሰሩን ማጥፊያ ከሩቅ ዝጉ፤ ወደ ጎማው አትጠጉ፣ ባለሙያ ጥሩ።